የሯጮች መጠጥ ገበያ ያጣው ገዥ ነው ወይስ ነጋዴ?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ ዳር የታሸገ ውሃ የማይሸጥ ሱቅ ማግኘት ያስቸግራል። ለስላሳው አለ፣ ጭማቂው አለ፣ በጣሳ የታሸገው “ኢነርጂ” የሚባለውም አለ። ጎህ ሲቀድ በዚሁ መንገድ ለረዥም ሩጫ የሚወጡት አትሌቶች የሚፈልጉት መጠጥ ግን በአብዛኛው መደርደሪያ ላይ አይታይም። እሱም ስኳሩና ጨው በልክ የተመጠነ፣ ሆድ የማይረብሽ፣ ዋጋውም ኪስ የማይጎዳ የስፖርት መጠጥ ነው።

ነገሩ የጥማት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን በዓለም ሻምፒዮና አንድ የማራቶን ወርቅ በ2012 ዓ.ም. 60 ሺህ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 70 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ያስገኝ ነበር። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ወደ አገር ቤት ተመልሶ ሕንፃ፣ ሆቴልና የእርሻ ሥራ እንደሚሆን የአዲስ አበባ ነጋዴ ጠንቅቆ ያውቃል። በሙቀት በሚደረግ ውድድር ደግሞ ይህን ገንዘብ ከሚያስገኙም ከሚያሳጡም ምክንያቶች አንዱ ሯጩ ምን፣ መቼ እና ምን ያህል ጠጣ የሚለው ነው። ለመሆኑ የጥሬ ዕቃው ዋጋ ይህን ያህል ዝቅተኛ የሆነ ምርት እስካሁን ለምን ጠንካራ የአገር ውስጥ አምራች አላገኘም?

ለምን አቃቂ?

የአዲስ አበባ የረዥም ርቀት ሯጮች ሳምንታቸውን በከፍታ ይከፋፍሉታል። ለዝግታና ለአቀበት ሩጫ እንጦጦ አለ፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሱሉልታ ወደ 2 ሺህ 700፣ ሰንዳፋ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር ይጠጋሉ። አቃቂ ግን ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ዝቅ ይላል። ከሌሎቹ ሲነጻጸር አየሩ ለሳንባ ይመቻል፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ወለሉም የውጭ አገር ማራቶኖች እንደሚሮጡበት አስፋልት ነው። ስለሆነም የማራቶን ሯጭ የውድድር ፍጥነቱን የሚፈትሽበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

ከሌሎቹ የልምምድ ቦታዎች የሚለየው ሁለተኛው ነገር ሙቀቱ ነው። በእንጦጦ ጥዋት ጃኬት የለበሰ ሰው አቃቂ ሲደርስ ያወልቃል። በበጋ ወራት ፀሐይዋ ከፍ ስትል የቴርሞሜትሩ ንባብ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ አስፋልቱ ደግሞ የራሱን ሙቀት ከታች ይመልሳል። በዚያ ላይ የጭነት መኪናው ጭስና የመንገዱ አቧራ ይጨመራል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ የተሽከርካሪው ከፊል ወደዚያ ቢዞርም፣ ነባሩ መንገድ ዛሬም የሲኖትራክና የተሳቢ መንገድ ነው። ሯጮቹ ከጥዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ልምምዳቸውን የሚጀምሩት ከሙቀቱም ከመኪናውም ለማምለጥ ነው።

የአካባቢው ሌላው ገጽታ ውሃው ራሱ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከፍተኛ መጠን ያለው ውሃ የምታገኘው በአቃቂ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የአቃቂ ወንዝ ግን የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸካሚ ከሆነ ቆይቷል። ሯጩ ከእግሩ ሥር ከተማ የሚያጠጣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ከጎኑ ደግሞ የማይጠጣ ወንዝ ይዞ ይሮጣል። እሱ ራሱ የሚጠጣው አሠልጣኙ በመኪና ይዞለት የሚከተለውን ወይም ከሱቅ የሚገዛውን ነው።

የላብ ሒሳብ

ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተንን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቁም ነገሩ “ሲተንን” የሚለው ቃል ላይ ነው። መሬት ላይ የተንጠባጠበ ላብ ውሃ ያባክናል እንጂ አያቀዘቅዝም።

በደጋ ደረቅ አየር ላብ እንደወጣ ወዲያው ይተንናል። ስለዚህ ሯጩ ያልላበው ይመስለዋል። ያጣውን የሚያሳየው ከልምምድ በኋላ በካኔተራው ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው የጨው መስመር ነው። ጠንከር ባለ ሩጫ አንድ ሰው በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል፤ በሙቀት ከ2 ሊትር የሚያልፍም አለ። አሜሪካዊው አልቤርቶ ሳላዛር ለ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ በሰዓት 3.7 ሊትር ገደማ ማላቡ ተለክቷል።

ይህን ወደ አቃቂ ብናመጣው፣ 50 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በሁለት ሰዓት ልምምድ በሰዓት 1 ሊትር ተኩል ቢያልበው 3 ኪሎ ይቀንሳል። ይህም ከክብደቱ 6 በመቶ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ከ2 በመቶ በላይ መቀነስ የሩጫ አቅምን ሊጎዳ ስለሚችል ይህን መከላከል ይገባል ብሏል። ለ50 ኪሎ ሯጭ 2 በመቶ ማለት አንድ ሊትር ብቻ ነው።

ከውሃው ጋር ጨውም ይወጣል። መጠኑ ከሰው ሰው በእጅጉ ቢለያይም፣ በአንድ ሊትር ላብ ውስጥ አንድ ግራም ገደማ ሶዲየም አለ ተብሎ ይታሰባል። በገበታ ጨው ሲተመን ሁለት ግራም ተኩል፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። ለዚህ ሁሉ መለኪያው ውድ መሣሪያ አይደለም። ከልምምድ በፊትና በኋላ በሚዛን መውጣት ይበቃል፤ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ማለት ነው። አንድ ሚዛን ለአንድ ክለብ ለዓመታት ያገለግላል።

ዶሃ ላይ የተከፈለው ዋጋ

የሙቀት ሩጫ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ባዶ እግሩን ሲያሸንፍ ውድድሩ የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ዓላማው የሮምን የበጋ ሙቀት መሸሽ ሲሆን፣ አበበ የጨረሰው በችቦ ብርሃን ነው። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. ሐምሌ በአትላንታው ወበቅ 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ሮጣ፣ ሁለተኛዋን በ2 ደቂቃ ቀድማ የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆናለች።

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. በዶሃ የሆነው ግን የተለየ ነበር። የሴቶቹ ማራቶን ከሙቀቱ ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ቢጀመርም የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። ካቋረጡት መካከል ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ይገኙበታል፤ ማለትም በውድድሩ የተሰለፉት ሦስቱም ኢትዮጵያውያት። አሸናፊዋ ኬንያዊት ሩት ቼፕንጌቲች የጨረሰችው በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሲሆን፣ ይህ በሻምፒዮናው ታሪክ ከታዩት የአሸናፊ ሰዓቶች ሁሉ የዘገየ ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ወንዶቹ ሲሮጡ አየሩ ወደ 29 ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ እርጥበቱም ቀንሶ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወርቁን፣ ሞስነት ገረመው በ4 ሰከንድ ልዩነት ብሩን ወሰዱ። ከገዛኸኝ አበራ የ1993 ዓ.ም. የኤድመንተን ድል በኋላ ኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን የዓለም ሻምፒዮና ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በሽልማት ሲሰላ ወርቁ 60 ሺህ፣ ብሩ 30 ሺህ ዶላር ነው።

የሁለቱ ሌሊቶች ልዩነት ለነጋዴም ለአሠልጣኝም አንድ ነገር ያስተምራል። የአቃቂ ሙቀት ደረቅ ነው፤ የዶሃው እርጥብ ነው። በአቃቂ የሚተንነው ላብ በዶሃ ይንጠባጠባል። ስለሆነም በአቃቂ ሙቀት መልመድ ብቻውን ለባሕር ዳር ከተማ ወበቅ በቂ ዝግጅት አይሆንም። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወስድ የሙቀት ልምምድ ያስፈልገዋል። በእነዚህ ቀናት የደም ፈሳሹ መጠን ይጨምራል፣ ላብ ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ላቡ ስለሚበዛ የሚያስፈልገው መጠጥም አብሮ ይጨምራል።

ከዶሃ በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የቶኪዮን ማራቶን ወደ ቀዝቃዛዋ ሳፖሮ አዛወረ። ሙቀቱ ግን ተከትሎ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሴቶቹ ውድድር በዋዜማው ምሽት በተላለፈ ውሳኔ በአንድ ሰዓት እንዲቀደም ተደረገ። በማግሥቱ በወንዶቹ ውድድር ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ሳይጨርሱ ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቡዳፔስት የነሐሴ ሙቀት አማኔ በሪሶና ጎይተቶም ገብረሥላሴ ተከታትለው ወርቅና ብር መውሰዳቸው ደግሞ ችግሩ መፍትሔ የሌለው እንዳልሆነ አሳይቷል።

መጠጣት ወይስ አለመጠጣት?

በሩጫ ጊዜ መጠጣት ያዳክማል የሚለው የቀድሞ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በመላው ዓለም ለረዥም ጊዜ ሠርቷል። በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡ መመሪያዎች ሯጩ ሆዱ የቻለለትን ያህል እንዲጠጣ ይመክሩ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ታየ። ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ ከልክ በላይ በመጠጣት የደማቸው የጨው መጠን ከጤናማው በታች ወርዶ ተገኘ። ይህ ሁኔታ ሲጠና ሕይወት ያጠፋል።

የኢትዮጵያና የኬንያ ሯጮች ጉዳይ ለሳይንሱ ራሱ እንቆቅልሽ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2001 ዓ.ም. ጥር የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ05 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከክብደቱ 9.8 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በመመሪያው ቢሆን ኖሮ ከግማሽ መንገድ ማለፍ ባልነበረበት! ይሁንና አሸነፈ፤ 250 ሺህ ዶላርም ወሰደ። ይኸው ጥናት የታላላቅ ማራቶኖች መሪ ሯጮች በአማካይ በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ እንደሚጠጡ አሳይቷል። በኬንያ ሯጮች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሯጮቹ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ ጊዜ ምንም ሳይጠጡ፣ በቀሪው የቀኑ ጊዜ ግን በጥማታቸው ልክ በመጠጣት የሰውነታቸውን ውሃ ሚዛን እንደሚጠብቁ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና በኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ የተካሄደው ጥናት በቀን የሚያገኙት ውሃ ከ2 ሊትር ያነሰ መሆኑን፣ ከምግባቸው ኃይል ግን ወደ 64 በመቶ የሚሆነው ከካርቦሃይድሬት እንደሚገኝ ገልጿል።

ይህ ለመጠጥ ነጋዴ መጥፎ ወሬ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ላየው ግን እንደዚያ አይደለም። በጥማት ልክ መጠጣት በቀዝቃዛና በደረቅ የደጋ አየር ይሠራል፤ ዶሃ ላይ ግን ፈተናው ሌላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የዛሬው የማራቶን ሯጭ በውድድር ላይ ጠርሙስ የሚያነሣው ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለስኳሩም ነው። የአንድ ዓይነት ስኳር ብቻ ከሆነ ሰውነት በሰዓት እስከ 60 ግራም ድረስ ይጠቀምበታል። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲቀላቀሉ መጠኑ ወደ 90 ግራም ይደርሳል። ሆድ ይህን ለመሸከም እንደ እግር ሁሉ ልምምድ ያስፈልገዋል። በየ5 ኪሎ ሜትሩ በሚገኘው ጠረጴዛ ላይ የራሱን ጠርሙስ የሚያስቀምጥ ሯጭ፣ ያንኑ መጠጥ ለወራት በልምምድ ጊዜ ካልጠጣው በውድድሩ ቀን ሆዱ ይረበሻል። እንግዲህ ገዥው አንድ ጠርሙስ የሚፈልግ ሰው ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ጣዕምና ተመሳሳይ ልክ ያለውን መጠጥ ለወራት ያለማቋረጥ የሚፈልግ ደንበኛ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያለው

የታሸገ ውሃ ንግድ በኢትዮጵያ በአምቦ ተጀመረ። በፕላስቲክ የታሸገ ያልጋለ ውሃ ሲመጣ ደግሞ “ሃይላንድ” የተባለው ምርት ገበያውን እስከ ስሙ ድረስ ወረሰው፤ ዛሬ የማንኛውም ድርጅት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የውሃ ፋብሪካው በዝቷል፣ የዋጋ ፉክክሩም ጠንክሯል። ለሯጭ ግን የታሸገ ውሃ ጥማት ያረካል እንጂ ስኳሩንም ጨዉንም አይተካም።

ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ብዙ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጋዙም ለሩጫ አይመችም። በጣሳ የሚሸጠው ኢነርጂ መጠጥ ከስፖርት መጠጥ ጋር በስም ይምታታል እንጂ ሌላ ነገር ነው፤ ዋናው ነገሩ ካፌይንና ብዙ ስኳር ነው። የተቅማጥ ሕሙማን የሚጠጡት የጨውና የስኳር ዱቄት ደግሞ ለሕክምና የተመጠነ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በሊትር 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ ሲኖረው፣ ለማራቶን ጉልበት የሚሰጠው ስኳር ያንሰዋል።

የአገር ቤቱ መጠጥም መመዘን አለበት። በሶ የሯጮች የቆየ ወዳጅ ነው። ከክብደቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ጉልበት ሰጪ እህል ስለሆነ ከልምምድ በፊትና በኋላ የሚተካከለው ጥቂት ነው። ነገር ግን ቃጫ አለው፣ በጠርሙስ ውስጥ ይዘቅጣል፣ በውድድር ፍጥነትም ሆድ ይከብዳል። ብርዝ ከዚህ ይሻላል። ማር ከ100 እጅ ወደ 80ው ስኳር ሲሆን፣ በተፈጥሮው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተቀላቀለበት ነው። የውጭ አገር ኩባንያዎች በቤተ ሙከራ የሚቀምሙትን ድብልቅ ንብ ቀድማ ሠርታዋለች። 75 ግራም ማር በአንድ ሊትር ውሃ ቢበጠበጥ 60 ግራም ስኳር ይሰጣል። የሚጎድለው ጨውና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልክ ነው። ችግሩ ዋጋው ከስኳር በጣም መብለጡ፣ እንዲሁም በገበያ ላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ማር መኖሩ ነው።

አንድ ሊትር ምን ያስወጣል?

ተራ የስፖርት መጠጥ በአንድ ሊትር ከ60 እስከ 80 ግራም ስኳርና ወደ 1.5 ግራም ጨው ይይዛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር ከ12 እስከ 16 ሊትር፣ አንድ ኪሎ ጨው ደግሞ ከ650 ሊትር በላይ ይወጣዋል። መርካቶ የሚውል ነጋዴ የዕለቱን የስኳርና የጨው ዋጋ ይዞ ስሌቱን ራሱ ይጨርሰዋል። የሚያገኘው ውጤት የመጠጡ ውስጥ ርካሽ፣ ውጩ ግን ውድ መሆኑን ነው። ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ መለያ ወረቀቱ፣ ማጓጓዣውና ማስታወቂያው ከይዘቱ ይበልጣሉ። ጠርሙሱ የሚነፋበት የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ይህ ወጪ ከዶላሩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከዚህ ተነሥቶ የሚታየው የንግድ አማራጭ ፈሳሹን ትቶ ዱቄቱን መሸጥ ነው። ለግማሽ ሊትር የሚሆን 40 ግራም ዱቄት በትንሽ ከረጢት ቢታሸግ፣ አንድ ኩንታል ዱቄት 2 ሺህ 500 ከረጢት ይወጣዋል፤ ሲበጠበጥ 1 ሺህ 250 ሊትር ይሆናል። ያንኑ መጠን በፈሳሽ መልክ ለማጓጓዝ ከ12 ኩንታል በላይ መጫን ያስፈልጋል። ውሃው በየቦታው እያለ ውሃን በነዳጅ ማመላለስ ትርፍን የሚበላ ሥራ ነው። የዱቄቱ ድካም እርጥበት መፍራቱ ነው። ማሸጊያው ካልጠበቀ ስኳሩ ይረጋል፣ ገዥው የሚበጠብጥበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነም ስሙ የሚጠፋው የአምራቹ ነው።

ገዥው ሯጭ ብቻ አይደለም

ይህን ገበያ ብዙዎች የሚንቁት ሯጮች በቁጥር ጥቂት ናቸው በሚል ነው። እውነትም የክለብ አትሌት ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም። ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ የሚያልበው ሯጭ ብቻ አይደለም። በብረታ ብረት ፋብሪካዎች እቶን ፊት የሚቆመው ሠራተኛ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ የመጋዘን ጫኝና አውራጁ በቀን ውስጥ የሚያጡት ጨውና ውሃ ከሯጩ ቢቀራረብ እንጂ የሚንቁት አይደለም። ከቃሊቲ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ደግሞ በክረምት ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆነው የአፋር ሙቀት ውስጥ ያልፋሉ። ለዚህ ሾፌር ሦስትና አራት ከረጢት ዱቄት በጋቢና መያዝ ከባድ አይደለም። በብዛት የሚገዛውም ባለ መኪናው ወይም የትራንስፖርት ማኅበሩ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አትሌቱ ለምርቱ ስምና መፈተኛ ይሰጣል፤ ሽያጩን የሚሸከመው ግን በሙቀት የሚሠራው ሕዝብ ነው። የውጭ አገር የስፖርት መጠጦችም ያደጉት በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ለተጫዋች ተሠሩ፣ ትርፋቸውን ግን ያገኙት ከተመልካቹ ነው።

ሥጋቶቹ

የመጀመሪያው ሥጋት ንጽሕና ነው። ባዶ ሃይላንድ በቆራሌው ተሰብስቦ በገበያ ይሸጣል፤ ዘይት፣ አረቄ፣ ወተት ይሞላበታል። ዳግም የተሞላ ጠርሙስ እንደ አዲስ ሊቀርብ የሚችልበት ዕድል እስካለ ድረስ ሯጩ ክዳኑን ሳይመረምር አይጠጣም። የአንድ ቀን የሆድ ሕመም የአንድ ወር ዝግጅት ያጠፋልና። ማንኛውም አምራች ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና ከደረጃ ምልክት በተጨማሪ በቀላሉ የማይጭበረበር እሽግ ማሰብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ሥጋት ከበድ ይላል። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት በአትሌቱ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ “በመጠጥ ውስጥ ነበር፣ አላወቅሁም” ማለት ከቅጣት ላያድን ይችላል። በዚህ የተነሣ ታላላቅ አትሌቶች ያልተመረመረ ዱቄት አይነኩም። በውጭ አገር እያንዳንዱ የምርት ዙር በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ተፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት አሠራር አለ። የአገር ውስጥ አምራች ይህን ወጪ በዋጋው ውስጥ ካላካተተ ሯጩን እንደ ደንበኛ ሊቆጥረው አይገባም። ብዙ ዓይነት የዱቄት ማሟያዎችን በአንድ ማሽን የሚያመርት ፋብሪካም የብክለት አደጋ ስላለበት ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ሦስተኛው ሥጋት ማስታወቂያ ነው። “ብዙ ጠጡ” የሚል መፈክር ሸቀጥ ይሸጣል፤ ነገር ግን የቦስተኑ ጥናት እንዳሳየው ሰውም ሊጎዳ ይችላል። በተለይ አራትና አምስት ሰዓት ለሚሮጡ ጀማሪዎች የሚሰጠው ምክር ጥማትን መከተል፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ መመዘን፣ ከሩጫው በኋላ ክብደቱ የጨመረ ሰው ደግሞ ከልክ በላይ መጠጣቱን ማወቅ ነው። ይህን በእሽጉ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጽፍ አምራች ጥቂት ሽያጭ ቢያጣ እምነት ያተርፋል።

ጊዜው አይጠብቅም

ቀጣዩ የዓለም ሻምፒዮና በ2027 እ.ኤ.አ. መስከረም በቤጂንግ፣ ኦሎምፒኩ ደግሞ በሐምሌ 2020 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ እንዲካሄዱ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ሎስ አንጀለስ በሐምሌ ሙቀት የሚጠበቅባት ከተማ ናት። አንድ አዲስ መጠጥ ተቀምሞ፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ በቤተ ሙከራ ተፈትሾና የሯጭ ሆድ ለምዶት ለውድድር እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ሙሉ የልምምድ ዓመት ይፈልጋል። በዚህ ስሌት አሁን ያልተጀመረ ሥራ ለሎስ አንጀለስ ላይደርስ ይችላል።

ካፒታሉን በተመለከተ ሥራው ከውሃ ፋብሪካ ጋር አይወዳደርም። ጥልቅ ጉድጓድ አይቆፈርበትም፣ ጠርሙስ አይነፋበትም። የሚያስፈልገው ንጹሕ መቀላቀያ ክፍል፣ መመዘኛ፣ ማሸጊያ ማሽንና የማያቋርጥ የጥራት ቁጥጥር ነው። ስኳሩ፣ ጨዉና ማሩ በአገር ውስጥ ገበያ አሉ። ደንበኛው ጥዋት 12 ሰዓት በአቃቂ አስፋልት፣ ቀን በፋብሪካው እቶን ፊት፣ ማታ በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እስካሁን ገበያው ውስጥ ያልታየው ሻጩ ነው።